አነስተኛ ጋዝ ጫኝ መርከብ ከመከታተያ ካርታው ላይ ስትጠፋ

እህተ መርከበኛ፦
ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ታዳሚዎች። ታናሽ ወንድሜ ባሕር ዳር ተምሮ ከተመረቀ በኋላ በአንዲት አነስተኛ ጋዝ ጫኝ መርከብ ላይ በሞተር ክፍል ሠልጣኝነት ተቀጥሯል። የመርከቧን ስም ስለነገረኝ መከታተያ ገጹን በስልኬ ከፍቼ የት እንደ ደረሰች አያለሁ። እናታችንም ለምዳዋለች፤ ጠዋት ቡናው ሳይፈላ «ልጄ የት ደረሰ?» ትለኛለች።

አሁን ከፉጃይራ (የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ወደብ) ተነሥተው ወደ ኬንያዋ ሞምባሳ እየሄዱ ነው። የኦማንን ዳርቻ ይዘው ሲወርዱ ትታየኝ ነበር፤ ራስ አል ሐድ የሚባለውን ጫፍ ካለፉ በኋላ ግን ነጥቧ ባለችበት ቀረች። የወንድሜም ስልክ አይሠራም። መንገዱ በሶማሊያ በኩል መሆኑን ሳስብ፣ የጫነችው ደግሞ ጋዝ መሆኑን ስጨምርበት እንቅልፍ አጣሁ። እናቴን «ደህና ናቸው» እላታለሁ፤ በምን አውቄ?

ገጹ ላይ የተጻፈውም አይገባኝም። ዓይነቷን «ታንከር» ይላል እንጂ ጋዝ ጫኝ አይልም። ርዝመት 96 ሜትር፣ ወርድ 16 ሜትር፣ ከውሃ በታች 4.9 ሜትር፣ ፍጥነት 12.1። ከሌላ ቦታ ያገኘሁት ዝርዝር ደግሞ 3,500 ሜትር ኪዩብ፣ ሁለት ታንክ፣ «ሙሉ በሙሉ በግፊት» ይላል። ስሟንና ቁጥሯን ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ፤ የሚያውቅ ያስረዳኝ።

[ስሟና ቁጥሯ በአወያይ ተነሥቷል]

አወያይ፦
ስሟን ያነሣሁት እኔ ነኝ። በጉዞ ላይ ያለች መርከብ ስም፣ መነሻና መድረሻዋ፣ እንዲሁም በላይዋ ያለ ሰው የቤተሰብ ሁኔታ አንድ ላይ በአደባባይ ባይቀመጥ ይሻላል። ጥያቄዎ ያለ ስሟም ይመለሳል።

የሞተር ክፍል ሰው፦
እህቴ፣ በመጀመሪያ እናታችንን አረጋጊልኝ። በእንዲህ ዓይነት መርከቦች ላይ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ እኔም ቤተሰቤን በዚሁ ነጥብ ሳስጨንቅ ኖሬአለሁ።

ካርታው ላይ የምታዪውን ነጥብ የሚልከው ኤአይኤስ የሚባል የሬዲዮ መሣሪያ ነው። በ161.975 እና በ162.025 ሜጋኸርዝ ላይ ይሠራል፤ ኃይሉ 12.5 ዋት ብቻ ነው። መርከቧ በጉዞ ላይ ስትሆን እንደ ፍጥነቷ ከ2 እስከ 10 ሴኮንድ ባለው ልዩነት ቦታዋንና አቅጣጫዋን ይናገራል። መልሕቅ ጥላ ስትቆም በየ3 ደቂቃው ነው። የተፈለሰፈው በጨለማና በጭጋግ መርከብ ከመርከብ እንዳይጋጭ እንጂ ቤተሰብ ከቤቱ ሆኖ እንዲከታተል አይደለም። እኛ ከጎን ሆነን የምናዳምጥ ነን።

ያ ሬዲዮ የሚጓዘው በቀጥታ መስመር ነው፤ የምድርን ክብነት ተከትሎ ብዙ አይታጠፍም። መርከብ ከመርከብ ጋር በ20 የባሕር ማይል ገደማ ይሰማማሉ። ከፍ ያለ ኮረብታ ላይ የተተከለ አንቴና 40 እና ከዚያ በላይ ሊሰማ ይችላል። በነጻ የምንጠቀምባቸው ገጾች መረጃ የሚሰበስቡት ከእንዲህ ዓይነት የባሕር ዳርቻ አንቴናዎች ሲሆን፣ ብዙዎቹን የተከሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በኦማን ዳርቻ ሰሚ ሞልቷል። ራስ አል ሐድን አልፈሽ ወደ ደቡብ ክፍት ውቅያኖስ ስትገቢ ማን አንቴና ተከለልሽ? መርከቧ እየተናገረች ነው፤ የሚሰማት ነው ያጣችው። ሳተላይቶች ይሰሟታል፤ የሳተላይቱን መረጃ ግን ገጾቹ በክፍያ ነው የሚያሳዩት።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በ12 ኖት (በሰዓት 12 የባሕር ማይል) የምትሄድ መርከብ በቀን 288 የባሕር ማይል ትቆርጣለች። ከፉጃይራ እስከ ሞምባሳ ከ2,000 የባሕር ማይል በላይ ነው። ስለዚህ ስምንት ቀን ገደማ ይወስዳል፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አትታይሽም። የኬንያ ዳርቻ ስትቃረብ ነጥቧ ዘልላ ብቅ ትላለች።

ጠርጣራው፦
ማብራሪያው ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር ተዘሏል። መርከቦች መሣሪያውን ሆን ብለው ያጠፉታል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ጋላክሲ ሊደር የምትባለው መርከብ ቀይ ባሕር ላይ በየመን ሁቲዎች ከተያዘች ወዲህ ስንቱ ነው እያጠፋ ያለፈው? በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ ሩየን የምትባለው የጭነት መርከብ በሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች ተጠልፋ እስከ መጋቢት 2024 በእጃቸው ቆይታለች። እህታችንን በባዶ ተስፋ አንሙላት።

የሞምባሳ ወኪል፦
ጠርጣራው ያልካቸው ሁለቱም ሆነዋል። ሩየንን የሕንድ ባሕር ኃይል ነጻ ማውጣቱንም ብትጨምርበት መልካም ነበር። እኔ የምሠራው ሞምባሳ ውስጥ በመርከብ ወኪልነት ስለሆነ ከዚህ በኩል የሚታየውን ልጻፍ።

ካፒቴን ለመርከቡ ደኅንነት የሚያሰጋ ነገር አለ ብሎ ካመነ ኤአይኤሱን ማጥፋት ይፈቀድለታል። ሕገ ወጥ አይደለም። ሲያጠፋ ግን መርከቧ ከሁሉም ሰው ትሰወራለች ማለት አይደለም። ከ300 ግሮስ ቶን (የመርከብ ውስጣዊ ይዘት መለኪያ) በላይ የሆኑ በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ ያሉ ጭነት መርከቦች ኤልአርአይቲ የሚባል ሌላ ሥርዓት አላቸው፤ በሳተላይት አማካይነት በየ6 ሰዓቱ ቦታቸውን ሰንደቅ ዓላማቸውን ለሚያውለበልቡለት አገር ያሳውቃሉ። ያ መረጃ ለመንግሥታት እንጂ ለሕዝብ አይቀርብም። በዚህ አካባቢ የሚያልፉ መርከቦች በተጨማሪ ዩኬኤምቲኦ ለሚባለው የብሪታንያ የባሕር ደኅንነት ማዕከል ጉዞአቸውን ያስመዘግባሉ፤ በየጊዜውም ሪፖርት ያደርጋሉ። ባለቤቱ ድርጅትም ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ የቀትር ሪፖርት ይቀበላል። በስልካችን የምናየው ከዚህ ሁሉ በጣም ደካማው ነው።

ሌላም አለ። ስምንት ቀን የተባለውን እንደ አውቶቡስ ሰዓት አትያዙት። በክረምቱ ወራት የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ሲነሣ የሶማሊያ ጅረት ወደ ሰሜን ምሥራቅ በኃይል ይፈሳል። ወደ ደቡብ የምትወርድ ትንሽ መርከብ ጅረቱንም ማዕበሉንም ፊት ለፊት ትገጥማለች። ሞተሯ ለ12 ኖት እየሠራ ከመሬት አንጻር 9 ወይም 8 ብቻ ልትሄድ ትችላለች። ገጹ የሚያሳየው ፍጥነት ከጂፒኤስ የተገኘ፣ ከመሬት አንጻር የሚለካው ነው።

እህተ መርከበኛ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቀትር ሪፖርት መኖሩን አላውቅም ነበር። ታዲያ ቤተሰብ ሲጨነቅ ድርጅቱን መጠየቅ ይችላል?

የሞምባሳ ወኪል፦
ይቻላል። ወንድምዎ ሲቀጠር የቅርብ ዘመድ ብሎ ያስመዘገበው ሰው ካለ፣ ያ ሰው ለቀጣሪው ወኪል መደወል ይችላል። «መርከቧ የት ናት?» ብለው አይጠይቁ፤ ለደኅንነት ሲሉ ላይመልሱ ይችላሉ። «ሠራተኞቹ ደህና ናቸው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ለዚህ መልስ ይሰጣሉ።

የሞተር ክፍል ሰው፦
አሁን ወደ ቁጥሮቹ ልምጣ፤ እኔ የምወደው ይህን ክፍል ነው።

ጋዝን ፈሳሽ አድርጎ ለመጫን ሁለት መንገድ አለ፦ መጭመቅ ወይም ማቀዝቀዝ። ከእነዚህ ጋዞች አንዱ የሆነው ፕሮፔን በተራ የአየር ግፊት ፈሳሽ የሚሆነው በ42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው። ሳይቀዘቅዝ በባሕረ ሰላጤው ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ እንዲቆይ ከተፈለገ ደግሞ መጨመቅ አለበት፤ በ45 ዲግሪ ሙቀት 15 ባር (ከተራው የአየር ግፊት 15 እጥፍ) ገደማ ይፈልጋል። «ሙሉ በሙሉ በግፊት» የተባለው ይህ ነው። የእነዚህ መርከቦች ታንክ ብዙውን ጊዜ ለ18 ባር ገደማ የተነደፈ፣ ወፍራም ግድግዳ ያለው ጋን መሰል ብረት ነው። ማቀዝቀዣ አያስፈልጋቸውም፤ ስለዚህ ቀላልና ርካሽ ናቸው፤ አነስተኛ ወደቦች ድረስ ይገባሉ። ዋጋው ግን በብረት ይከፈላል፤ ታንኩ እየተለቀ ሲሄድ ግድግዳውም መወፈር ስላለበት ከ11,000 ሜትር ኪዩብ በላይ የሆነ የግፊት መርከብ እምብዛም አታገኚም። ከዚያ በላይ ያሉት እያቀዘቀዙ ነው የሚጭኑት።

3,500 ሜትር ኪዩብ ምን ያህል ነው? ፈሳሹ ጋዝ ከውሃ ግማሽ ያህል ነው የሚመዝነው። ለሙቀት መስፋፊያ የሚሆን ባዶ ቦታ ተትቶ 1,700 ቶን ገደማ ትጭናለች። ቤት ውስጥ በምናውቀው 12.5 ኪሎ በሚይዝ ሲሊንደር ብንቀዳው 136,000 ሲሊንደር ይሞላል። «አነስተኛ» ስንላት ከታላላቆቹ ጋር አነጻጽረን ነው እንጂ ብቻዋን አንድ ከተማ ታበስላለች።

«ታንከር» ብቻ የሚለው ደግሞ መሣሪያው ስለማይለይ ነው። በኤአይኤስ የመርከብ ዓይነት ኮድ ከ80 እስከ 89 ያሉት ሁሉ ታንከር ናቸው፤ ድፍድፍ ነዳጅ ጫነች፣ የምግብ ዘይት ጫነች፣ ጋዝ ጫነች፣ ኮዱ አይነግርሽም። ርዝመትና ወርድ የሚገኘው በሚያስገርም መንገድ ነው፦ መሣሪያው ሲተከል አንቴናው ከአፍንጫዋ፣ ከኋላዋና ከሁለቱ ጎኖቿ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ይሞላል፤ ገጹ እየደመረ 96 በ16 ይልሻል። ከአፍንጫው ያለው ርቀት በጣም የሚበልጥ ከሆነ የመኖሪያው ክፍል ከኋላ ነው ማለት ነው። በጋዝ መርከብ ላይ ሰው የሚያድርበት ክፍል ከጭነቱ አካባቢ ውጭ መሆን ስላለበት ወንድምሽ የሚተኛው ከታንኮቹ በስተኋላ ነው።

ከበርገን፦
እዚህ ኖርዌይ እናንተ የምትሉት ችግር የለም ማለት ይቻላል። ዳርቻው በሙሉ በመንግሥት አንቴናዎች የተሸፈነ ነው፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 ደግሞ አገሪቱ መርከቦችን ብቻ የምታዳምጥ ኤአይኤስሳት 1 የተባለች ትንሽ ሳተላይት አምጥቃለች።

እውነተኛ የባሕር ዳርቻ ጋዝ ጫኝ ማየት ለሚፈልግ ፓዮኒር ክኑትሰንን ይፈልግ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራች፣ 1,100 ሜትር ኪዩብ ብቻ የምትይዝ፣ ርዝመቷ 69 ሜትር የሆነ መርከብ ናት። የምትጭነው ግን ቡታጋዝ አይደለም፤ በ162 ዲግሪ ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጋዙ ፈሳሽ ሲሆን መጠኑ 600 ጊዜ ያህል ስለሚያንስ፣ ያቺ ትንሽ መርከብ ቧንቧ ያልደረሰባቸውን ፋብሪካዎችና ከተሞች በፍዮርዶቹ (በተራሮች መካከል ወደ የብስ በሚገቡት ጠባብ የባሕር ክንዶች) መካከል እየተሹለከለከች ታደርሳለች። ቀጥላ የመጣችው ኮራል ሜቴን በፖላንድ ግዳንስክ የተሠራች፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረች፣ 7,500 ሜትር ኪዩብ የምትይዝ ነበረች፤ በኋላ ለሌሎች መርከቦች ነዳጅ እንድትቀዳ ተደርጋ ተለወጠች። የጃፓኗ ሺንጁ ማሩ ቁጥር 1 ደግሞ ከሁለቱም ቀድማ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ በ2,500 ሜትር ኪዩብ ገደማ አቅም በአገሯ ዳርቻ ጀምራለች።

እነዚህን መከታተል ያስደስታል፤ አቅጣጫቸውን አይቶ ቀጥሎ የትኛው ወደብ እንደሚገቡ መገመት ይቻላል።

ጠርጣራው፦
እናንተ ጋ ሽርሽር ነው። እዚህ ያለችው እህት ደግሞ ወንድሟን ነው የምትፈልገው።

ከበርገን፦
ገባኝ። ግን ጸጥታው ከአደጋ ሳይሆን ከአንቴና እጥረት የመጣ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምን አለ? ፓዮኒር ክኑትሰንን ወስደህ ሶማሊያ ፊት ለፊት ብታስቀምጣት እርሷም ትጠፋለች።

እህተ መርከበኛ፦
ታየች! አሁን ከሞምባሳ በስተምሥራቅ ናት። ግን ሌላ ጭንቀት መጣ። ፍጥነቷ 0.4 ነው፤ ሁኔታዋ ግን «በሞተር እየተጓዘች» ይላል፤ መድረሻዋም አሁንም ፉጃይራ ነው የሚለው! ሰዓቱም ግራ አጋባኝ፤ 18:40 ይላል፣ እዚህ ግን ሌሊት ሊሆን ነው። ሞተሯ ተበላሽቶ ይሆን?

የሞምባሳ ወኪል፦
እንኳን ደስ ያለዎት። ሞተሯ አልተበላሸም፤ የሚሆነው እንዲህ ነው። የጋዝ ማራገፊያ ቦታ ውስን ስለሆነ መርከቦች ተራ ይጠብቃሉ። አንዳንድ ካፒቴን መልሕቅ መጣሉን ትቶ ከዳርቻው ራቅ ብሎ ሞተሩን ያቆምና መርከቧን ያንሳፍፋታል። 0.4 ኖት ነፋስና ጅረት የሚገፏት ፍጥነት ነው።

«በሞተር እየተጓዘች» እና «ፉጃይራ» የሚሉትን ደግሞ ሰው ነው የሚሞላቸው። ቦታ፣ ፍጥነትና አቅጣጫ ከመሣሪያው በራሳቸው ይወጣሉ፤ ሁኔታው፣ መድረሻው፣ የሚደርስበት ሰዓት እና ከውሃ በታች ያለው ጥልቀት ግን በመኮንኑ ጣት የሚገቡ ናቸው። ወደብ ላይ ታስራ «በጉዞ ላይ» የምትል፣ ከተነሣች በኋላ «ታስራለች» የምትል መርከብ በየቀኑ አያለሁ። መኮንኑ ሲረሳ ቤተሰብ ይጨነቃል።

ጥልቀቱ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በይነመረብ ላይ «4.9 ስለሆነ ሙሉ ናት፣ 4.2 ስለሆነ ባዶ ናት» እያሉ የሚተነትኑ ሰዎች አሉ። ለድፍድፍ ነዳጅ ይሠራ ይሆናል። ጋዝ ግን ቀላል ጭነት ነው፤ መርከቧ ስታራግፍ ሚዛኗን ለመጠበቅ የባሕር ውሃ ስለምትሞላ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ቁጥሩን የሚለውጥ ሰው መኖሩም አይታወቅም።

የጂኦግራፊ መምህር፦
ሰዓቱን እኔ ልመልስ። ገጹ የሚጠቀመው የግሪንዊችን ሰዓት ነው። ኢትዮጵያ በ3 ሰዓት ትቀድማለችና 18:40 እኛ ጋ 21:40 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40። ስለዚህ መረጃው ያረጀ አይደለም፤ እርስዎ የጻፉት ከዚያ ጥቂት ቆይተው ነው። በብዙ ገጾች ላይ በቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ወደ አገር ሰዓት መቀየር ይቻላል።

ለወደፊቱ በስሟ ሳይሆን በአይኤምኦ ቁጥሯ (በዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት መለያዋ) ይፈልጓት። ስም ይቀየራል፤ ሁለት መርከቦችም አንድ ስም ሊኖራቸው ይችላል። ኤምኤምኤስአይ የሚባለው ባለ 9 አኃዝ የሬዲዮ ቁጥርም ሰንደቅ ዓላማዋን ስትቀይር አብሮ ይቀየራል፤ በመጀመሪያ ያሉት 3 አኃዞች የአገር ናቸውና። (የኢትዮጵያ 624 ነው፤ ባሕር ባይኖረንም ቁጥሩ አለን።) ባለ 7 አኃዙ የአይኤምኦ ቁጥር ግን ከተሠራችበት እስከምትቆራረጥበት አይለወጥም።

ቁጥሩ ትክክል መሆኑን በወረቀት ላይ ማረጋገጥም ይቻላል። በማስተማሪያነት የሚጠቀሰውን 9074729 ውሰዱ። የመጀመሪያዎቹን 6 አኃዞች በቅደም ተከተል በ7፣ በ6፣ በ5፣ በ4፣ በ3 እና በ2 ያባዙ፤ 63፣ 0፣ 35፣ 16፣ 21 እና 4 ይሆናል፤ ድምሩ 139። የመጨረሻው አኃዝ 9 ነው፤ የቁጥሩም መጨረሻ 9። ካልገጠመ ቁጥሩ ተሳስቷል ወይም የውሸት ነው።

ጠርጣራው፦
ይህችን ወደድኳት። ቦታው ራሱ ግን የውሸት ሊሆን አይችልም?

የሞተር ክፍል ሰው፦
ይችላል። ኤአይኤስ ቦታውን የሚወስደው ከጂፒኤስ ስለሆነ፣ ጂፒኤሱ ከታወከ እርሱም አብሮ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 በሆርሙዝ አካባቢ የመርከብ ነጥቦች የብስ ላይ ቆመው፣ ክብ ሠርተው ታይተዋል። እንዲህ ሲሆን ካርታው ላይ በረሃ መካከል ብታገኛት አትደንግጥ፤ መርከበኞቹ በራዳርና በዓይናቸው እየሄዱ ነው።

ሌላ ልመክር የምፈልገው፦ ኢኳሲስ የሚባል የአውሮፓ የመረጃ ቋት አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሚሠራ፣ በነጻ ምዝገባ የሚከፈት። የመርከቧን ባለቤት፣ ዕድሜዋን፣ በወደብ ፍተሻ ጊዜ ጉድለት ተገኝቶባት ታግዳ እንደ ነበር ወይም እንዳልነበር ያሳያል። የመርከቧን ጤንነት የሚነግርሽ እርሱ ነው። ነጥቧን በየሰዓቱ ከማየት አንድ ጊዜ ይህን ማንበብ ይጠቅማል።

እህተ መርከበኛ፦
አነበብኩት። ታግዳ አታውቅም። ወንድሜም ደወለ፤ የሞተር ክፍሉ ሙቀት ነው የመረረው እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነው ይላል። እናቴ ደግሞ «136,000 ሲሊንደር ላይ ተኝቶ ነው እንዴ?» ብላ አዲስ ነገር ጀምራለች፤ ያን ቁጥር ባልነግራት ይሻል ነበር።

የሞተር ክፍል ሰው፦
ንገሪያት፦ በጭነት ክፍሎቹ አካባቢ የጋዝ ማሽተቻ መሣሪያዎች ሌት ተቀን ይሠራሉ፤ ታንኩ ከመጠን በላይ ግፊት ሲያገኝ የሚከፈቱ ቫልቮች አሉ፤ ማንም እሳት ይዞ በመርከቧ ላይ አይንቀሳቀስም። የቡታጋዝ ትነት ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ብሎ ይተኛል፤ ስለዚህ ማሽተቻው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። በቤታችን ምድጃ አጠገብ ከምናደርገው ጥንቃቄ ይህ እጅግ ይበልጣል።

የባሕር ዳር ተማሪ፦
ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። እኔም በዚሁ ሙያ ላይ ነኝ። በጋዝ መርከብ ለመቀጠር የተለየ ሰርተፊኬት ያስፈልጋል? የነዳጅ ታንከር ሥልጠና ወስጃለሁ።

የሞተር ክፍል ሰው፦
ያስፈልጋል። ኤስቲሲደብሊው በሚባለው የመርከበኞች ሥልጠና ስምምነት ውስጥ ነዳጅና ኬሚካል አንድ ላይ ናቸው፤ ጋዝ ለብቻው ነው። የወሰድከው ለጋዝ አያገለግልህም። በጭነት ሥራ ላይ የተመደበ ማንኛውም ሰው መሠረታዊውን የጋዝ ሥልጠና መያዝ አለበት። ከፍተኛው ሥልጠና የሚጠየቀው ከካፒቴኑ፣ ከመጀመሪያው መኮንን፣ ከዋናውና ከሁለተኛው መሐንዲስ እንዲሁም ለጭነቱ በቀጥታ ኃላፊ ከሆነ ሰው ነው። ለእርሱ መሠረታዊው ላይ 3 ወር የጋዝ መርከብ አገልግሎት ይጨመርበታል፤ ወይም ከመደበኛው ሠራተኛ በተጨማሪ ተሳፍረህ ቢያንስ አንድ ወር፣ 3 ጭነትና 3 ማራገፍ አብረህ መሥራት። ስትመዘገብ ወረቀቱ ላይ «ፈሳሽ ጋዝ» የሚል መኖሩን አይተህ ክፈል።